ኤክስትሩደር ዞን 4 ሲቀዘቅዝ ልክ ያነባል፣ ሲሞቅ ይሳሳታል፣ ሌሊት ደግሞ ይብስበታል (ቴርሞካፕል፣ ኤስ7-1200)

ደብረ ብርሃን ጥገና (ሰኞ፣ ማታ 2:15)

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምሰራው ደብረ ብርሃን የፒቪሲ ቧንቧ ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ኤሌክትሪክ ጥገና ክፍል። የማሽኑ (ኤክስትሩደሩ) ባሬል፣ ፕላስቲኩ የሚቀልጥበት ወፍራም ቱቦ ማለት ነው፣ አምስት የማሞቂያ ዞን አለው። እያንዳንዱ ዞን ላይ አንድ ኬ ታይፕ ቴርሞካፕል (ከሁለት የተለያየ ብረት ሽቦ የተሰራ ሙቀት መለኪያ) አለ። የቴርሞካፕሎቹ ገመድ አጭር ስለሆነ ከባሬሉ ሥር ያለች ጃንክሽን ቦክስ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ በኤክስቴንሽን ኬብል 18 ሜትር ያህል ሄደው ፓነሉ ጋ ይደርሳሉ። ፓነሉ ውስጥ ኤስ7-1200 ፒኤልሲ (ማሽኑን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) ነው ያለው፣ የቴርሞካፕል ሞጁሉ ኤስኤም 1231 ባለ 8 ቻናል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ፎርክሊፍት የኬብሉን ቱቦ ቀደደው። የዞን 4 ኬብል ተበጠሰ፣ ሌሎቹ ተረፉ። ስቶር ውስጥ ከድሮ ማሽን ላይ የተነሳ የቴርሞካፕል ኬብል ነበር፣ እሱን ዘረጋሁ። ማሽኑ ተነሳ፣ አነበበ፣ ጨርሻለሁ ብዬ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ችግር መጣ። ዞን 4 ለዓመታት የሚሰራው በ185 ነው። አሁን በ185 ሲያደርጉት ቧንቧው ቢጫ ይላል። የቀን ኦፕሬተሩ ቧንቧውን በዓይኑ እያየ ቀስ በቀስ ወደ 160 አወረደው፣ በ160 ጥሩ ቧንቧ ወጣ። እሺ ተባለ። ግን ያው 160 ላይ ሆኖ ሌሊት ሲሆን ቧንቧው እንደገና ቢጫ ይላል፣ ቡናማ መስመርም ይወጣበታል። አንዳንድ ሌሊት ግማሹ ምርት ወደ ክሬሸር (መፍጫው) ነው የሚሄደው።

አሁን ለብልሽቱ ተጠያቂ የተደረገው የሌሊት ኦፕሬተሩ ነው። «ሴቲንጉን ትነካካለህ» ተብሎ ከደሞዙ ተቆረጠበት። ሰውየውን አውቀዋለሁ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ትሬንድም (የሙቀቱን ግራፍ) አይቻለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ 160 ላይ ቀጥ ብሎ ነው ያደረው። ምንም አልነካም።

የሞከርኩት፦ የዞን 3ን እና የዞን 4ን ቴርሞካፕል አቀያየርኩ፣ ችግሩ ዞን 4 ላይ ቀረ። የዞን 4ን ሽቦ ወደ ትርፍ ቻናል አዛወርኩ፣ ያው ነው። ፕሮግራሙ ላይ ሁሉም ኬ ታይፕ ተብለው ነው የተሞሉት። በእጅ ቴርሞሜትር ቀን ላይ ስለካው ስክሪኑ 160 ሲል ባሬሉ 184 ነው። ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ቀዝቃዛ ሳለ ግን አምስቱም ዞኖች እኩል 13 ዲግሪ ያነባሉ! ያኔ የአምስቱንም ቴርሞካፕል አውጥቼ በፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው፣ አምስቱም 91 አነበቡ። 100 ማንበብ ሲገባቸው። እንግዲህ ሁሉም 9 ዲግሪ ይሳሳታሉ ማለት ነው? ግራ ገባኝ።

የፓነል ሰው (ሰኞ፣ ማታ 2:50)

ወንድሜ፣ እኔ ኢንቨርተሩን (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን) ነው የምጠረጥረው። አዲሱን ኬብል ስትዘረጋ ከሞተር ኬብል ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ አላስገባኸውም? ቴርሞካፕል የሚሰጠው ሚሊቮልት ነው፣ የኬ ታይፕ በአንድ ዲግሪ 41 ማይክሮቮልት ገደማ። ከሞተር ኬብል ጎን ካለፈ ይረበሻል። ሺልዱን (የኬብሉን የብረት ሽፋን) በአንድ ጫፍ ብቻ ግራውንድ አድርገው፣ በሁለቱም አይደለም። እኔ ቃሊቲ አንድ ቦታ ላይ እንደዚህ ዓይነት ነገር ገጥሞኝ ኬብሉን ሰላሳ ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ሳደርገው ቀጥ አለ።

ደብረ ብርሃን ጥገና (ሰኞ፣ ማታ 3:05)

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን ንባቡ አይዘልም። ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ብቻ ዝቅ ያለ ነው። ደግሞ ሞተሩን አጥፍተን ሂተሩ ብቻ በርቶ እያለም ያው ዝቅ ብሎ ነው የሚያነበው።

የፓነል ሰው (ሰኞ፣ ማታ 3:10)

እንግዲያው አይደለም። ረብሻ ቢሆን ሞተሩ ሲቆም ይጠፋ ነበር። ሐሳቤን አንስቻለሁ።

ጀማሪ ከአዳማ (ሰኞ፣ ማታ 3:30)

በመሃል ስለገባሁ ይቅርታ። እኛም ጋ ይሄ ሞጁል አለ፣ አንዱ ቻናል 32767 ያሳያል። ሞጁሉ ተቃጥሏል?

ኦቶሜሽን ቢሮ (ሰኞ፣ ማታ 3:40)

ሞጁሉ አልተቃጠለም። ሞጁሉ ሙቀቱን በዲግሪ አንድ አሥረኛ ነው የሚሰጥህ፣ 1600 ሲል 160.0 ማለት ነው። 32767 ግን ሙቀት አይደለም፣ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ተርሚናሉ ላልቷል ወይም ጭራሽ ምንም አልታሰረበትም ማለት ነው። የማትጠቀምበት ቻናል ከሆነ ፕሮግራሙ ላይ ዝጋው፣ ወይም ፕላሱንና ማይነሱን በአጭር ሽቦ አገናኛቸው። የምትጠቀምበት ከሆነ ሽቦውን ፈትሽ። ፕሮግራምህ ውስጥ ግን 32767 ሲመጣ ሂተሩን የሚያጠፋ መስመር ጨምርበት፣ ይሄ የግድ ነው።

ወደ ዞን 4 ስመለስ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ የታይፕ ስህተት ነበር። ቴርሞካፕሉ ኬ ሆኖ ፕሮግራሙ ላይ ጄ ቢሞላ ያነሰ ያነባል። ፓነሉ 25 ዲግሪ ሆኖ እውነተኛው ሙቀት 200 ቢሆን ስክሪኑ 157 ገደማ ነው የሚለው። ቀዝቃዛ ሲሆን ደግሞ ልክ ያነባል። ይሄ ካንተ ነገር ጋር ይመሳሰላል። ግን የታይፕ ስህተት ቢሆን ሌሊትና ቀን ብዙ አይለያይም ነበር። አንተ ጋ ደግሞ ሌሊት ይብሳል እያልክ ነው። ስለዚህ አልተዋጠልኝም።

ሜሪላንድ ፎርኖ (ሰኞ፣ ማታ 4:20)

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው፣ ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ የምድጃ ጥገና እሰራለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ከስቶር ያወጣኸው ኬብል ቀለሙ ምንድነው? የሌሎቹ ዞኖችስ?

ደብረ ብርሃን ጥገና (ሰኞ፣ ማታ 4:35)

የሌሎቹ አረንጓዴና ነጭ ነው። እኔ ያስገባሁት ቀይና አረንጓዴ ነው። ኮሌጅ ስማር «በቴርሞካፕል ቀይ ምንጊዜም ማይነስ ነው» ተብዬ ነው የተማርኩት። ደግሞ የሌሎቹ ዞኖች አረንጓዴ ሽቦ ፕላስ ላይ ነው የታሰረው። ሁለቱም ስለገጠመልኝ አረንጓዴውን ፕላስ፣ ቀዩን ማይነስ አድርጌ አሰርኩ። ቦክሱም ፓነሉም ላይ እንደዚያው።

ጋሽ ኢንስትሩመንት (ማክሰኞ፣ ጠዋት 12:40)

ልጄ፣ ትናንት ሳላየው አመለጠኝ። ከውሃው ልጀምር፣ እሱ ዝም ብሎ እያስጨነቀህ ነው።

ውሃ 100 ላይ የሚፈላው ባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ 92 ገደማ ነው የሚፈላው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባም በላይ ናት፣ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ። እዚያ 91 ቢያነብ ልክ ነው። ቴርሞካፕሎችህ ደህና ናቸው፣ በከንቱ እንዳትጥላቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ጤነኛ ቴርሞካፕል በዚህ ምክንያት ሲጣል አይቻለሁ። ሰው «100 አልደረሰም» ብሎ ይጥለዋል፣ አዲስ ይገዛል፣ አዲሱም 92 ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቴርሞካፕል ሙቀትን አይለካም፣ የሙቀት ልዩነትን ነው የሚለካው። ባንዱ ጫፍ ባሬሉ አለ፣ በሌላው ጫፍ የሞጁሉ ተርሚናል አለ። የሚመጣው ሚሊቮልት የሁለቱ ልዩነት ነው። ሞጁሉ የራሱን ተርሚናል ሙቀት በውስጡ ባለ ሴንሰር ይለካና ይደምርበታል፣ ቀዝቃዛ ጫፍ ማካካሻ የሚባለው እሱ ነው። ለዚህ ነው ኤክስቴንሽን ኬብሉ ከራሱ ከቴርሞካፕሉ ጋር አንድ ዓይነት ብረት መሆን ያለበት፣ በትክክለኛው አቅጣጫም መታሰር ያለበት። ኬብሉ ሽቦ ብቻ እንዳይመስልህ። ቦክሱና ፓነሉ የተለያየ ሙቀት ላይ ካሉ ኬብሉ ራሱ ቮልት ያመርታል።

አንተ የነገርከኝን ልብ በል። ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ሙቀት ላይ ሲሆን ልክ ያነባል። ቦክሱ ሲሞቅ ይሳሳታል። ሌሊት ደብረ ብርሃን ውርጭ ነው፣ ፓነሉ ይቀዘቅዛል፣ ቦክሱ ግን ከባሬሉ ሥር ስለሆነ እንደሞቀ ያድራል። ልዩነቱ ይሰፋል፣ ስህተቱም ይሰፋል። ሴንሰሩንም ሞጁሉንም ተዋቸው፣ ኬብሉን ያዝ።

እኔ ግን ሳይለካ አልናገርም። ከቻልክ አንድ ሌሊት እደር። ሞጁሉ ላይ የዞን 4ን ሽቦ ንቀልና ቻናሉን በአጭር የመዳብ ሽቦ ሾርት አድርገው። ያን ጊዜ የሚያነበው የፓነሉን ሙቀት ነው፣ እሱን ጻፍ። ቀጥሎ የነቀልከው ሽቦ ጫፍ ላይ ሚሊቮልት ለካ። ከዚያ ቦክሱ ጋ ሂድ፣ ኬብሉን ከቦክሱ ንቀልና የቴርሞካፕሉን ብቻ ሚሊቮልት ለካ። የቦክሱን ሙቀትም በእጅ ቴርሞሜትሩ ያዝ። ሂተሩ በዚያ ሰዓት እንዳያብድ ዞን 4ን በማኑዋል አድርገው፣ ከኦፕሬተሩ ጋር ተነጋግረህ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ደብረ ብርሃን ጥገና (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:10)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የውሃውን ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ማታ አድራለሁ።

ቧንቧ ሠሪ (ማክሰኞ፣ ቀን 7:00)

ሌላ የምለው አለኝ። ፒቪሲ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ተራ ጭስ አይደለም፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለበት። ሳንባ ይጎዳል፣ ብረቱንም ያዝገዋል። ሌሊት እየተቃጠለ ከሆነ በሩንና መስኮቱን ክፈቱ፣ ብርድ ነው ብላችሁ እንዳትዘጉት። ያ የሌሊት ኦፕሬተር ደሞዙ ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ለኔ ይሄ ከምርቱ ይበልጣል።

ደብረ ብርሃን ጥገና (ረቡዕ፣ ጠዋት 1:30)

አደርኩ። ቁጥሩን ልስጣችሁ።

ሰዓቱ ከሌሊቱ 8:00 ነው። ውጭ ሣሩ ላይ ውርጭ ወርዷል። ፓነሉ ያለበት ክፍል ቆርቆሮ ግድግዳ ስለሆነ ብርዱ ይገባል። ስክሪኑ ዞን 4ን 159 ይላል፣ ሴቲንጉ 160 ነው። በእጅ ቴርሞሜትሩ ባሬሉን ስለካው 208! ቀን 24 ዲግሪ ነበር የሚሳሳተው፣ ሌሊት 49።

ቻናሉን ሾርት ሳደርገው 20 ዲግሪ አነበበ። ስለዚህ ፓነሉ 20 ነው። የቦክሱ ውስጥ 44 ነው። ቀን ላይ ደግሞ ለክቼ ነበር፣ ፀሐይ ግድግዳውን ስለምትመታው ፓነሉ 36፣ ቦክሱ 48 ነበር።

ሚሊቮልቱ፦ ቦክሱ ጋ ከቴርሞካፕሉ 6.7። ፓነሉ ጋ 5.7። ሁለት ሦስቴ ለካሁት፣ አንድ ሚሊቮልት መንገድ ላይ ጠፋ! ኦፕሬተሩ ከጎኔ ቆሞ ባትሪ እያበራልኝ ነበር። «ታዲያ የት ሄደ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጋሽ ኢንስትሩመንት (ረቡዕ፣ ጠዋት 2:00)

በርታ ልጄ፣ አግኝተኸዋል። እንዲህ ነው የሚለካው።

አብረን እንቁጠር። በኬ ታይፕ ሠንጠረዥ 208 ዲግሪ 8.46 ሚሊቮልት ገደማ ነው። 44 ዲግሪ 1.78፣ 20 ዲግሪ 0.80። ቴርሞካፕልህ ቦክሱ ጋ መስጠት ያለበት 8.46 ሲቀነስ 1.78 ነው፣ 6.68። አንተ 6.7 አገኘህ። ስለዚህ ቴርሞካፕሉ ጤነኛ ነው።

ከቦክሱ እስከ ፓነሉ ኬብሉ በትክክል ቢታሰር የቦክሱንና የፓነሉን ልዩነት ይጨምራል። 1.78 ሲቀነስ 0.80፣ አንድ ሚሊቮልት ያህል ነው። ስለዚህ ፓነሉ ጋ 7.7 መድረስ ነበረበት። ያንተ ግን መጨመሩ ቀርቶ ያንኑ አንድ ሚሊቮልት ቀነሰ። ተራ የመዳብ ሽቦ ቢሆን ኖሮ አይጨምርም አይቀንስም፣ 6.7 ሆኖ ይደርስ ነበር። የሚቀንሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ኬብሉ ተገልብጦ ሲታሰር። ያውም በሁለቱም ጫፍ።

በሁለቱም ጫፍ ሲገለበጥ ስህተቱ የቦክሱና የፓነሉ ልዩነት እጥፍ ይሆናል። ሌሊት 44 ሲቀነስ 20፣ 24፣ እጥፉ 48። ቀን 48 ሲቀነስ 36፣ 12፣ እጥፉ 24። ቁጥርህ ቁልጭ ብሎ ገጠመ። ማሽኑ ቀዝቃዛ ሲሆን ልዩነቱ ዜሮ ነው፣ የዜሮ እጥፍም ዜሮ ነው። ለዚህ ነው ሰኞ ጠዋት ደህና የሚመስልህ፣ በፈላ ውሃውም ያላወቅከው። ውሃውን የሞከርከው ቦክሱ ቀዝቃዛ ሳለ ነበር።

ያስገባኸው ቀይና አረንጓዴ የድሮ የጀርመን ቀለም ነው። በዚያ ቀለም ቀዩ ፕላስ ነው፣ አረንጓዴው ማይነስ። የሌሎቹ ዞኖች አረንጓዴና ነጭ ዓለም አቀፉ የቀለም ደረጃ አይኢሲ 60584-3 ነው፣ አረንጓዴው ፕላስ፣ ነጩ ማይነስ።

ቀለሙን ግን አትመነኝ። ማግኔት ፈልግ። የኬ ታይፕ ማይነሱ አሉሜል ነው፣ ማግኔት ይስበዋል። ፕላሱ ክሮሜል ነው፣ አይስበውም። ሽቦውን ልጠህ ጠንከር ያለ ማግኔት አስጠጋው።

ሜሪላንድ ፎርኖ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2:25)

የጠረጠርኩት እሱን ነበር። አንተ ኮሌጅ የተማርከው የኛን የአሜሪካን ቀለም ነው። እዚህ ቀይ ምንጊዜም ማይነስ ነው፣ ኬ ታይፕ ቢጫና ቀይ፣ ጄ ታይፕ ነጭና ቀይ። መምህርህ አልዋሸህም፣ የሌላ አገር ነገር ነው የነገረህ። የእንግሊዝ የድሮው ደግሞ ቡናማና ሰማያዊ ነው፣ ቡናማው ፕላስ። የጃፓን የድሮው ቀይና ነጭ፣ ቀዩ ፕላስ። የቻይና ኬብልም ቀዩ ፕላስ ነው። እናንተ ጋ ከየአገሩ የመጣ ማሽን አንድ አዳራሽ ውስጥ ስለሚቆም ለእናንተ ይብሳል።

ለጄ ታይፕ የማግኔቱ ነገር ይገለበጣል፣ ልብ በሉ። የጄ ፕላሱ ብረት ነው፣ ማግኔት የሚስበው ፕላሱ ነው። ማይነሱ ኮንስታንታን ነው፣ አይስበውም።

ጀማሪ ከአዳማ (ረቡዕ፣ ቀን 6:10)

32767 የነበረው ተርሚናሉ ላልቶ ነው፣ ሳጠብቀው ተስተካከለ። አመሰግናለሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። ፕላስና ማይነስ ተገልብጦ ከሆነ ለምን ስክሪኑ ሙቀቱ ሲጨምር ወደ ታች አልሄደም? እኔ እንደሰማሁት የተገለበጠ ቴርሞካፕል ሲሞቅ ንባቡ ይወርዳል።

ኦቶሜሽን ቢሮ (ረቡዕ፣ ቀን 6:30)

የሰማኸው ልክ ነው፣ ግን እሱ አንድ ጫፍ ብቻ ሲገለበጥ ነው። አንድ ጫፍ ከተገለበጠ ባሬሉ ሲሞቅ ስክሪኑ ይወርዳል፣ ኦፕሬተሩም ወዲያው ያየዋል። ያም ቢሆን አደጋ አለው፣ ፒኤልሲው «ቀዝቅዟል» ብሎ ሂተሩን ሙሉ ኃይል ላይ ይለቀዋል። ሁለቱም ጫፍ ሲገለበጥ ግን ዋናው ምልክት ከቴርሞካፕሉ በትክክለኛው አቅጣጫ ይመጣል። የተገለበጠው የኬብሉ ድርሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲሞቅ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል፣ ፒአይዲው (ሂተሩን የሚቆጣጠረው የፕሮግራሙ ክፍል) ይረጋጋል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። ከሁሉ የማስጠነቅቀው የዚህ ዓይነቱን ነው፣ አላርም የለውም።

ሰኞ ማታ ታይፑ አልተዋጠልኝም ብዬ ነበር፣ ግን ኬብሉ ላይ አልደረስኩም። ጋሼ፣ የሌሊቱንና የቀኑን ልዩነት ከቦክሱ ጋር ስላያያዙልን በጣም አመሰግናለሁ።

የፓነል ሰው (ረቡዕ፣ ማታ 1:40)

ማግኔት ከሌለህ ሌላም መንገድ አለ። የኬብሉን አንድ ጫፍ ሁለቱን ሽቦ ጠምዝዘህ አገናኛቸው፣ በላይተር አሙቀው። በሌላኛው ጫፍ መልቲሜትሩን ሚሊቮልት ላይ አድርግ። ቁጥሩ ፖዘቲቭ ከሆነ የመልቲሜትሩ ቀይ ፒን የነካው ፕላሱ ነው። እኔ እቤት ውስጥ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የማረጋግጠው። በጋሼ ማግኔት ያልተያዘ ኬብልም አለና ይሄ ይሻላል፣ አንዳንዱ ርካሽ ማካካሻ ኬብል ከራሱ ከክሮሜልና አሉሜል አይሰራም።

ጋሽ ኢንስትሩመንት (ረቡዕ፣ ማታ 2:00)

ትክክል ነህ። ማካካሻ ኬብል ከሆነ ማግኔቱ ዝም ሊል ወይም ሊያሳስትህ ይችላል፣ ያን ጊዜ ላይተሩ ነው የሚሰራው። ጥሩ አድርገህ ጨመርክ።

ደብረ ብርሃን ጥገና (ሐሙስ፣ ማታ 3:20)

ከድሮ ስፒከር ውስጥ ማግኔት አወጣሁ። ከኬብሉ ትራፊ አንድ ክንድ ያህል ቆርጬ ሁለቱን ሽቦ ላጥኩ። ቀዩን ሳስጠጋው ምንም። አረንጓዴውን ሳስጠጋው ሄዶ ለጠፍ አለ። አረንጓዴው ማይነሱ ነው ማለት ነው፣ እኔ ፕላስ ላይ ያሰርኩት። በላይተሩም ሞከርኩት፣ ያው ነው።

ዛሬ ቀን ማሽኑን አቁመን ሁለቱንም ጫፍ ገለበጥኩ፣ ቦክሱ ጋም ፓነሉ ጋም። ከዚያ ሴቲንጉን ወደ 185 መለስነው። ስንነሳ ሁላችንም ዞን 4ን እያየን ነበር። ሲሞቅ ስክሪኑ 185 ሲል የእጅ ቴርሞሜትሩ 184። ቧንቧው ነጭ ሆኖ ወጣ።

የቀረው ሌሊቱ ነው። ዛሬም አድራለሁ።

ደብረ ብርሃን ጥገና (ዓርብ፣ ጠዋት 1:15)

ከሌሊቱ 9:00 ላይ ፓነሉ 18፣ ቦክሱ 43፣ ስክሪኑ 185፣ የእጅ ቴርሞሜትሩ 186። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ቧንቧ ወደ ክሬሸር አልሄደም። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት ኦፕሬተሩ በየሰዓቱ ቧንቧ እየቆረጠ ወደ መብራቱ ያስጠጋ ነበር።

ቁጥሩን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፌ ለምርት ኃላፊው ሰጠሁ። የሌሊቱን፣ የቀኑን፣ የሚሊቮልቱን፣ የጋሼን ስሌት፣ ሁሉንም። ኬብሉን ያሰርኩት እኔ እንደሆንኩም ጻፍኩበት። ያ ሰው በኔ ስህተት ነው የተቀጣው። የተቆረጠበት ደሞዝ እንዲመለስለት ጠየቅሁ። ኃላፊው ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው፣ ከዚያ ኦፕሬተሩን አስጠርቶ ፊት ለፊቴ ይቅርታ ጠየቀው። ገንዘቡ በሚቀጥለው ደሞዝ ይመለሳል ብሎታል።

ቧንቧ ሠሪ (ዓርብ፣ ጠዋት 1:50)

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ስምህን ጽፈህ መስጠትህ ትልቅ ነገር ነው ወንድሜ።

ሜሪላንድ ፎርኖ (ዓርብ፣ ማታ 3:00)

አንድ ነገር አደራ። ስቶር የቀረው ኬብል አለ አይደል? ነገ ሌላ ሰው ያወጣዋል። ምልክት አድርጉበት።

ደብረ ብርሃን ጥገና (ዓርብ፣ ማታ 3:25)

አድርጌያለሁ። ጥቅልሉ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ «ኬ ታይፕ፣ ቀይ ፕላስ፣ አረንጓዴ ማይነስ፣ በማግኔት ተረጋግጧል» ብዬ ጽፌበታለሁ። ቦክሱም ውስጥ ፓነሉም ውስጥ የዞን 4 ሽቦዎች ጫፍ ላይ የፕላስና የማይነስ ቀለበት አስገብቻለሁ፣ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው በቀለም እንዳይሄድ። ማግኔቷን ደግሞ ፓነሉ በር ውስጥ ለጥፌአታለሁ።

ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። ቦክሱን ከባሬሉ ራቅ ባደርገውስ ይጠቅማል?

ጋሽ ኢንስትሩመንት (ዓርብ፣ ማታ 4:00)

ይጠቅማል። ኬብሉ በትክክል ከታሰረ ቦክሱ ቢሞቅም ንባቡ አይበላሽም፣ ግን 50 ዲግሪ ውስጥ የሚኖር ተርሚናል ቶሎ ይላላል፣ የኬብሉ ፕላስቲክም ይደርቃል። አንድ ሜትር ብታርቀው በቂ ነው፣ የቴርሞካፕሉ ገመድ ከደረሰልህ። ካልደረሰልህ ግን በመዳብ አትቀጥለው። እሱን ካደረግክ የሌሊቱ ስህተት እስከ ግማሹ ድረስ ተመልሶ ሊመጣብህ ይችላል።